የባባ ቤክ መርዶ

ጥሪው የደረሳት መኪናዋን ከቢሮው ጀርባ ፓርክ እያደረገች ሳለ ነበር። ከዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ከመሰላል ወድቀው ሞተዋል። ፖሊሶቹ አደጋ ነው ብለዋል፤ የቀራቸው ከካውንቲው የሞት መርማሪዎች ቢሮ አንድ ሰው መጥቶ እንዲፈርምላቸው ብቻ ነው።

አያልነሽ ግዛው ሞተሩን ሳታጠፋ መኪናዋን አዞረች። ሱዳን ስደተኞች ሰፈር ነርስ ሆና ከቆየች በኋላ ዴንቨር መጥታ የያዘችው ሥራ ይህ ነው። ሥራዋ ሁለት ነገር ነው፤ ሰው እንዴት እንደሞተ ማወቅና ለቤተሰቡ መንገር። ሐበሻ ወዳጆቿ ሲቀልዱ «መርዶ ነጋሪዋ» ይሏታል። በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

ቤቱን ታውቀዋለች። ድሮ ጫማ ይሸጥበት ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ መስታወቱ ላይ ፈረሰኛ ተስሎበታል፤ ከፈረሰኛው በላይ «የካዛክ ጦረኞች መታሰቢያ ሙዚየም» ይላል። አዲሱ አየር ማረፊያ ከተከፈተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የከተማው ታክሲ ነጂ ሁሉ እንግዳ ሲያመላልስ በዚህ መስታወት ፊት ያልፋል። ሙዚየሙ ቅዳሜ ይመረቃል የሚል ወረቀት በየሐበሻ ሱቁ ተለጥፎ አይታለች። ዛሬ ዓርብ ነው።

በሩ ላይ አንድ ወጣት የታክሲ ሹፌር ጃኬቱን ሳይዘጋ በብርዱ ቆሟል። ረሻድ ይባላል፤ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ሐበሻ መሆኗን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እትዬ፣ ባባ ቤክ እኮ ናቸው!» አላት፣ ድሮ የምታውቃቸው ይመስል።

ባባ ቤክ፣ በሙሉ ስማቸው ቤክቦላት፣ የካዛክ ሰው ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው በሶቪየት ጦር ዘምተው ጀርመኖች ማረኳቸው። የተማረከ ሁሉ ከሃዲ በሚባልበት በዚያ ዘመን ወደ አገራቸው መመለስ ሞት ስለነበር፣ በቱርክ በኩል ዴንቨር ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም ቄራ ሠሩ። እዚህ ሚስት አላገቡም። አብረዋቸው የሚሰግዱት የሐበሻ ሙስሊሞች ሰፈርተኛም ቤተሰብም ሆኑላቸው። የፊተኛውን ክፍል በጥንት የካዛክ ጦረኞች ኮርቻ፣ ጋሻና ቀስት ሞሉት። የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ግን አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ብቻ ነው የሰቀሉት፤ አብረዋቸው ዘምተው ያልተመለሱ የመንደራቸው ልጆች። እሳቸውም ከመካከል ቆመዋል፣ ጢም እንኳ ሳያበቅሉ።

ሬሳው ያለው እዚያው ክፍል ነው። ረጅም የአሉሚኒየም መሰላል ግድግዳውን ተደግፏል፤ ጫፉ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የብረት ቁር ጋ ይደርሳል። ሽማግሌው ከሥሩ በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተመትቷል፤ ደሙ ወለሉ ላይ ደርቋል። ጉልበታቸው በመጠኑ ታጥፏል፣ ቀኝ እጃቸው ከጉንጫቸው ሥር ነው፤ ፊታቸው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሯል። ወድቆ የሞተ ሳይሆን ያሸለበ ሰው ይመስላሉ።

አያልነሽ ተንበረከከች። ወርቃማ ጥልፍ ያለበት ሰማያዊ ካባ ለብሰዋል፤ ቀበቶው ጠብቆ ታስሯል። በግራ እጃቸው ጓንት አጥልቀዋል፤ የቀኙ ጓንት ግን ደረታቸው ላይ ወድቋል። ከንፈራቸውን በጥንቃቄ ስትከፍት በጉንጫቸው በኩል ነጭ ነገር አገኘች፤ እንደ ጠጠር የጠነከረ። በመቆንጠጫ አውጥታ በፕላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

«ክኒን ነው?» አለ አንደኛው ፖሊስ።

«ክኒን እንኳ አይደለም። እባክህ ያንን መሰላል ፎቶ ካነሳህ በኋላ ከፍ አድርግልኝ።»

ከፍ አደረገው። ላስቲክ ከለበሰው የመሰላሉ እግር ሥር ደም አለ። ደሙ ዙሪያውን አልፈሰሰም፤ መሰላሉ ነው ደሙ ላይ የቆመው። አያልነሽ ዘወር ብላ ክፍሉን አየች። ከሬሳው አጠገብ ማዕዘኑ በብረት የተለበጠ የእንጨት ሳጥን አለ። ሳጥኑ አቧራ ለብሷል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

ፖሊሱ የያዘውን ወረቀት ዘረጋላት። «አልፈርምም» አለችው።

ረሻድን የፊተኛው ክፍል ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ስታገኛቸው ነክተሃቸው ነበር?»

«ወላሂ አልነካሁም። ስጠራቸው ዝም አሉኝ፤ ከዚያ ደሙን አየሁ።»

«ጎረቤቶች ሰሞኑን ጮኸህባቸው ነበር ይላሉ።»

ረሻድ አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው፣ ጮኬያለሁ። የቂብላ ነገር ነው። መስጊዳችን ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ነው የሚሰግደው። መሬት ክብ ስለሆነች ወደ መካ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ በዚያ ነው። ባባ ቤክ ደግሞ ካርታ ዘርግተው ‹መካ ያለችው ደቡብ ምሥራቅ ነው› ብለው ድርቅ አሉ። ‹ለምረቃው የሚመጣው እንግዳ በየት በኩል ሊሰግድ ነው?› ብዬ ጮህኩባቸው። አሁን ምን ያደርግልኛል?»

«በእሳቸው በኩል የሚሰግድ ሌላ ሰው የለም?»

«ይመር አለ። እሱ አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል። አባቱን ሳያውቅ በመንግሥት ማሳደጊያ ያደገ ልጅ ነው፤ ሶላትም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በካዛኮች ከተማ፣ አልማቲ፣ ስለተማረ ራሽያኛም ቋንቋቸውንም ይችላል።»

የረሻድ ሚስት ሳዲያ ይህን ጊዜ ደረሰች። ከቻምበርስ ሮድ ድረስ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነድታ መጥታለች። አያልነሽ ስለ ካባው ጠየቀቻት።

«የክት ልብሳቸው ነው፣ ለቅዳሜ ያስቀመጡት። ባለፈው ተኩሼ ሳመጣላቸው ‹ከምረቃው በፊት እንዳልነካው!› ብለው ራሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተውታል። ለምን ለበሱት?»

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ከሰዓት ረሻድ ዓይን ሐኪም ወስዷቸው ነበር። ሲመለሱ መክሰስ አቀረብኩላቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።»

ወሬዋን ሳትጨርስ አንድ የአየር ማረፊያ ዩኒፎርም የለበሰ ቀጭን ሰው ፖሊሶቹን ገፍትሮ ገባ። «አከ! አከ!» እያለ ወለሉ ላይ ተደፋ። ረሻድ ከኋላው አቅፎ ሊያነሳው ታገለ።

«ይመር ነው» አለች ሳዲያ እያለቀሰች። «‹አባቴ› ማለቱ ነው። ልጃችን ሀይፋ ‹አታ› ነበር የምትላቸው፣ አያቴ እንደማለት። እሱ ግን አከ ይላቸዋል።»

ለቅሶው ሳይበርድ አንዲት ሴት በሩ ላይ ብቅ አለች። ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ አበባማ ሻሽ ያሰረች፣ ካፖርቷ ሰፊ የሆነባት ሴት ናት። ፖሊሱ ሊመልሳት ሲል ይመር እንባውን ጠርጎ ተነሣ፤ ተንደርድሮ ሄዶም በቋንቋዋ አነጋገራት።

«ማን ናት?» አለች አያልነሽ ተከትላው።

«ጉልናር ትባላለች። ከአልማቲ ከመጡ አስተማሪዎች ጋር ያለች እንግዳ ናት። ሙዚየም አለ ሲሏት ልታየው መጥታ ነው።»

«ከአሁን በፊት እዚህ መጥታ ታውቃለች? ጠይቅልኝ።»

ይመር ጠየቃት። ሴትዮዋ ረጅም መልስ ሰጠች። እየተናገረች እጇን ወደ ኋለኛው ክፍል ዘረጋች፤ ቀጥላ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። «አከ» የሚለውን ቃል አያልነሽ ከንግግሯ መሃል ደጋግማ ሰማችው።

«መጥታ አታውቅም» አለ ይመር።

«ይህን ሁሉ ተናግራ?»

«አዝናለች። ለመሥራቹ ነፍስ እጸልያለሁ ነው የምትለው።»

ጉልናር ከቦርሳዋ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች። ነጫጭ ድብልብል ነገሮች ናቸው፣ እንደ ጠጠር የጠነከሩ። አንዱን በአያልነሽ መዳፍ ላይ አኖረችና ጣቶቿን አጠፈችላት። አያልነሽ ሐዘንተኛ ዘመድ መስላት ነበር።

«ቁርት ይባላል» አለ ይመር። ድምፁ ቀጥኗል። «ጨው ያለው የደረቀ እርጎ ነው። እነሱ አገር ብቻ ነው ያለው።»

አያልነሽ አመሰገነች። ቁርቱን ኪሷ ከታ ወጣች።

ሬሳው ወደ ዴንቨር ከተወሰደ በኋላ ከሰዓት ሐኪሙ ደወለላት። ሽማግሌው ወዲያው አልሞቱም፤ ከተመቱ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተዋል። ደማቸው የተጠራቀመው በቀኝ ጎናቸው በኩል ብቻ ነው። ያስተኛቸው ሰው ሲያስተኛቸው ነፍሳቸው አልወጣችም ማለት ነው።

«በጊዜ ቢደርሱ ይተርፉ ነበር?» አለችው።

«ምናልባት» አለ ሐኪሙ። «ንግግር እንኳ ሳይችሉ አይቀሩም።»

ስልኩን ዘግታ መኪናዋ ውስጥ ብዙ ቆየች። የገዛ ወንድሟን ሞት ዘመዶቿ እንዳትጎዳ ብለው ሁለት ዓመት ደብቀዋታል። እሷ በሁለት ክረምት ሹራብ ልካለታለች፤ ሹራቡ እንደደረሰው ይነግሯት ነበር። ስትሰማ ከሞቱ ይልቅ ሹራቡ ነበር ያስለቀሳት።

ወደ ማታ ጉልናር ያረፈችበት ሞቴል ሄደች፤ ከሙዚየሙ አቅራቢያ እዚያው ኮልፋክስ ላይ ነው። በሞቴሉ ስልክ አንዲት የራሽያኛ አስተርጓሚ አስገኝታ ጥቂት ነገር ጠየቀቻት። መልሱን ሰምታ ግን ሌላ ነገር አልነገረቻትም። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ የሚነገረውም ማልዶ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ምረቃው ሊሆን በነበረበት ቀን፣ በኋለኛው ክፍል ከፎቶግራፉ ሥር ተሰበሰቡ። ረሻድና ሳዲያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጉልናር መሃል ላይ ናት። ይመር ዩኒፎርሙን አላወለቀም። አንድ የኦሮራ ፖሊስ መርማሪ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አለ፤ የአስተርጓሚዋ ትንፋሽ በድምፅ ማጉያው ይሰማል።

«ይመር» አለች አያልነሽ፣ «የምናገረውን ለጉልናር በራሽያኛ ንገርልኝ። ስልክ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ ያንተን ንግግር ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ ትነግረዋለች።»

ይመር ስልኩን አየ። ከዚያ እሷን አየ። የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ባባ ቤክ ከመሰላል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «መሰላሉ የቆመው ደማቸው ላይ ነው። እሳቸው ከወደቁ በኋላ የመጣ መሰላል ነው። የመታቸው ያ ሳጥን ነው፤ ሁሉም አቧራ ለብሶ አንድ ማዕዘኑ ብቻ ተወልውሏል።»

ይመር ተረጎመ። የስልኳ ሴት ድምፅ ተከተለው።

«ሐሙስ ማታ የክት ካባቸውን ለብሰዋል። አንድ ጓንት አጥልቀዋል፣ ሁለተኛውን ሊያጠልቁ ነበር። ቁር ሊያወርድ መሰላል የሚወጣ ሰው እንዲህ አይለብስም። ወደ ውጪ እየወጡ ነበር፤ በጣም የሚያከብሩት ሰው ዘንድ።»

ሳዲያ አፏን በእጇ ያዘች።

«አፋቸው ውስጥ ቁርት ነበር። ዴንቨር ውስጥ ቁርት የያዘች ሰው አንዲት ብቻ ናት። ይመር፣ መጥታ አታውቅም አልከኝ። እሷ ግን ትናንት ማታ በስልክ ምን አለች? ‹ሐሙስ ከሰዓት ይመር አምጥቶኛል። ቁርት ከፎቶግራፉ ሥር አስቀምጫለሁ› አለች። ሽማግሌው ዓይን ሐኪም ዘንድ እያሉ ነው ያመጣሃት። ተመልሰው ሲመጡ ቁርቱን አገኙ፤ ቀመሱት። ከልጅነታቸው በኋላ ያልቀመሱት ነገር ነው። ከአገራቸው ሰው እንደመጣ በምላሳቸው አወቁ።»

ይመር ይህንንም ተረጎመ።

«ከዚያ ወደቁ። የወደቁትን ሰው አንድ ሰው በቀኝ ጎናቸው አስተኛቸው፤ ፊታቸውንም ወደ ቂብላ መለሰ። የሚወዳቸው ሙስሊም ነው እንዲህ የሚያደርግላቸው። ረሻድም፣ ሳዲያም፣ አንተም ትወዷቸዋላችሁ። ግን ፊታቸው የተመለሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ረሻድ ቢሆን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዞራቸው ነበር፤ ሳዲያም እንደዚያው። በእሳቸው ቂብላ የሚሰግድ አንተ ብቻ ነህ።»

ረሻድ ቀስ ብሎ ወደ ይመር ዞረ።

«የቀረው ምክንያቱ ነው። ትናንት ጉልናር ስትናገር ‹አከ› እያለች ወደዚህ ፎቶግራፍ ጠቆመች። አንተም ትናንት ‹አከ› እያልክ አልቅሰሃል። ባባ ቤክ በዚያ ማታ ሊያዩ የነበረው...» አያልነሽ እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጃቸውን ነው። ይህን ንገራት።»

ይመር ወደ በሩ፣ ፖሊሱ ወደቆመበት፣ አየ። ከስልኩ ውስጥ ሴትየዋ «መስመር ላይ ናችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«አልችልም፣ እትዬ።»

«የሞቱት ማን እንደሆኑ የደበቅካት አንተ ነህ። አንተው ንገራት።»

ይመር ወለሉን እያየ ጥቂት ቃል ተናገረ። ጉልናር ራሷን ነቀነቀች። በትዕግሥት፣ ተማሪ እንደምታርም ሆና መለሰችለት፤ ስልኩ ቃሏን አመጣው፦ «ተሳስታችኋል። አባቴ ጦርነት ላይ ነው የሞተው። እኔ የእቅፍ ልጅ ነበርኩ። የመንደራችን ሐውልት ላይ ስሙ አለ።»

አያልነሽ ተነሥታ ጣቷን ፎቶግራፉ ላይ፣ ጢም ያላበቀለው ልጅ ላይ አኖረች። ጉልናር ዓይኖቿን ጣቷ ላይ ተከለች። «አዎ፣ እሱ ነው» አለች።

«ባባ ቤክ እሱ ናቸው» አለች አያልነሽ፤ ይመር ተረጎመው።

ጉልናር ወዲያው አልጮኸችም። ፎቶግራፉን አየች፣ ቀጥላ ወለሉ ላይ የቀረውን የደም ምልክት አየች፤ ስትገባ በጨዋ ደንብ አልፋው የሄደችውን። ከዚያ ሰውነቷ እንዳለ ወደ ፊት ወደቀ። ሳዲያ ደርሳ አቀፈቻትና ሁለቱም በየቋንቋቸው አለቀሱ።

ይመር ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ፤ በአማርኛ ያለውን ያንኑ በራሽያኛ ይደግመዋል።

«አገራቸው ነጻ ሲወጣ ‹ሚስቴንና ልጄን ፈልግልኝ› አሉኝ። አልማቲ ያለ የክፍሌ ልጅ ፈልጎ ጉልናርን አገኛት፤ እናቷ ሞተዋል። ባባ ቤክ ‹ልጄ ካለች እሄዳለሁ፣ እዚያው እሞታለሁ› ይሉ ነበር። እኔ ከእሳቸው ሌላ ማን አለኝ? ‹በጦርነቱ ጊዜ በረሃብ ሞተዋል› አልኳቸው። አለቀሱ፤ ከዚያም ‹እንግዲህ ልጄ አንተ ነህ› አሉኝ። ለእሷ ደግሞ ‹የአባትሽ ፎቶ እዚህ አለ› ብቻ ነው ያስባልኩት። አባቴ ጀግና ሆኖ ሞተ ብላ ነው የኖረችው፤ ተማርኮ በሕይወት አለ ብላት ምን ትሆናለች? ለሁለቱም ብዬ ነው እላለሁ፣ ለራሴ። ትመጣለች ብዬ በምን ልወቅ?»

«ሐሙስ ማታ?»

«ከሥራ ስመጣ ቁርት አፋቸው ውስጥ ይዘው ጠበቁኝ። ‹ማን መጣ?› አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ። አልተቆጡም፣ እትዬ! ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፍተው ካባቸውን ለበሱ። እኔ ‹ነገ ይሁን፣ አስቀድሜ ላስረዳት› ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ገፉኝ። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፤ ሲያስለቅቁኝ ወደ ኋላ ሄዱ።» እጁን አየው። «የሞቱ መስሎኝ ወደ ቂብላ መለስኳቸው። ከዚያ ተነፈሱ።»

«ስልክ እዚህ ነበር» አለች አያልነሽ።

«ነበር። ከነቁ ይነግሯታል። እሷ ትሰማለች፣ ሁሉም ይሰማል። አሁን ልደውል፣ አሁን ልደውል ስል እጃቸውን ይዤ ተቀምጬ... በኋላ እጃቸው በረደ። ያን ጊዜ መሰላሉን አመጣሁ።»

ረሻድ ተነሣ። ሊመታው መስሎ ነበር፤ ግን አልፎት ሄዶ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆመ።

የስልኳ ሴት እስከ መጨረሻው ተረጎመች፤ የእሷም ድምፅ መሃል ላይ ተሰብሯል። ጉልናር ከሳዲያ እቅፍ ቀና ብላ ይመርን አንድ ነገር ጠየቀችው። ይመር በካዛክኛ፣ በአጭሩ መለሰላት። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ምን ብላ ነው?» አለች አያልነሽ።

«ሳይሞት የተናገረው ነገር አለ ወይ ነው ያለችኝ። ‹መጣች?› ብለው ጠየቁኝ። ‹እየመጣች ነው› አልኳቸው።»

ፖሊሱ ወደ ይመር ተራመደ። ይመር እጁን ራሱ ዘርግቶ ሰጠ። ሲያልፍ ጉልናር አላየችውም። ወደ አያልነሽ ዞራ በስልኩ በኩል፣ በጣም ዝግ ብላ ጠየቀች፦

«ያን ጊዜ ሞቴል ነበርኩ፣ ልብሴን እያጠብኩ። ቢጠሩኝ እደርስበት ነበር?»

ሳዲያ ከኋላዋ ሆና ለአያልነሽ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ይለምናል፤ አትደርሺም በያት ይላል። ቀላል ቃል ነበረች፤ ማንም አይወቅሳትም። አያልነሽ ከጉልናር ፊት ተንበርክካ ሁለቱን እጆቿን ያዘች።

«ትደርሺ ነበር» አለቻት።

ጉልናር አባቷን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች።

አያልነሽ በራሷ መኪና ወሰደቻት። ሬሳው ክፍል ሲደርሱ ነጩን ጨርቅ ከፊታቸው ላይ ገለጠችና ወደ ኋላ አለች። ጉልናር አጎንብሳ አየቻቸው፤ የቅንድባቸውን ሽበት በአውራ ጣቷ አስተካከለች። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ጉሮሮዋንም ጠርጋ በገዛ ቋንቋዋ ታወራላቸው ጀመር፤ ከሩቅ አገር ለተመለሰ ሰው የቤቱን ወሬ ከመጀመሪያው አንስተው እንደሚነግሩት።

አያልነሽ አንዱንም ቃል አላወቀችውም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታላት ወጣች።